ጥቁሩ ቧንቧ እና የላስታ ሌሊት

ለገና በዓል አምስት ቀን ሲቀረው ላሊበላ ደረስኩ። ያረፍኩበት ማረፊያ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ አለው። በታኅሣሥ የላስታ ሰማይ ቀኑን ሙሉ ጥርት ብሎ ስለሚውል፣ አመሻሽ ላይ ከታንከሩ ሥር በቀጥታ የቀዳሁት ውሃ እጅ አያስነካም ነበር። እኔ ክፍል ሲደርስ ግን ሌላ ውሃ ሆኖ ይመጣል። መጀመሪያ ቀዝቃዛው፣ ቀጥሎ ለብ ያለው፤ ትኩሱ የሚደርሰው አንድ ባልዲ ያህል ከፈሰሰ በኋላ ነው። በዓል ሰሞን ላሊበላ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ መድፋት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ የሰነበተ ሰው ያውቀዋል።

ምክንያቱን ፍለጋ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ከታንከሩ ወደ ክፍሎቹ የሚወርደው ባለ አንድ ኢንች የጋልቫናይዝድ ቧንቧ በውጭ በኩል ግድግዳውን ተከትሎ ተዘርግቷል። በእርምጃ ስለካው ሃያ ያህል ሆነ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። የገጠመው የከተማው ልጅ የሆነ ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ በማግስቱ ሌላ ክፍል ሊጠግን ሲመጣ አገኘሁት።

«ለምን ጥቁር ቀባኸው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ጥቁር ሙቀት ይይዛላ! ከላይ ያለውን ሰሌዳ አላዩትም? እሱም ጥቁር ነው። ፀሐይን የሚስበው ጥቁረቱ ነው።»

ተሳስተሃል ልለው አልቻልኩም፤ ግማሹ እውነት ነው። ፀሐይ ያረፈበት ጥቁር ብረት እጅ እንደሚፈጅ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ሰው ሙቅ ውሃ የሚፈልገው ምሽት ላይና ንጋት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ የለችም፤ ቧንቧው ግን ከነቀለሙ እዚያው አለ። ታዲያ ፀሐይ በሌለችበት ጥቁሩ ቀለም ምን ይሠራል? ወጣቱ መፍቻውን እያገላበጠ ትንሽ አሰበና «እሱን እንኳ አስቤው አላውቅም» አለ። ቅንነቱ ደስ አለኝ። እንሞክረው ተባባልን።

ከማድ ቤት ሁለት ባዶ የድልህ ቆርቆሮዎች ለመንን፤ መጠናቸው አንድ ነው። የተለጠፈባቸውን ወረቀት ልጠን አንዱን በአመድ ፈትገን አበራነው። ሌላውን ከኩራዝ ነበልባል በላይ እያዞርን ዙሪያውን በጥላሸት አጠቆርነው። የማድ ቤቷ ባለሙያ እትዬ፣ ዕድሜያቸው ከሁለታችንም የሚበልጥ፣ የምንሠራውን ቆመው አዩና «የተፈተገው ይቆያል» አሉ። «ማንቆርቆሪያዬን በደንብ የፈተግኩ ቀን ሻዩ ቶሎ አይበርድብኝም።» ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በረንዳው ላይ፣ ነፋስ በማይነካው ጥግ፣ ሁለቱን ቆርቆሮዎች ጣውላ ላይ አስቀምጠን ከአንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ እኩል ሞላንባቸው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይንተከተካል፤ የላስታ እናቶች ባቄላና ሽምብራ ሲቀቅሉ እሳቱ ሥር ረጅም ሰዓት የሚቀመጡት በከፊል በዚህ የተነሳ ነው። ቆርቆሮዎቹን በካርቶን ከድነን፣ ከሻንጣዬ ባወጣሁት ቴርሞሜትር በየአምስት ደቂቃው እየለካን ጋቢያችንን ተከናንበን ተቀመጥን።

መጀመሪያ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እየቆየ ግን የጥቁሩ ሙቀት ወደ ኋላ ቀረ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጣት ቢነክሩበትም ልዩነቱ ይታወቅ ነበር፤ ጥላሸት የተቀባው ቆርቆሮ ውሃ ፈጥኖ ቀዘቀዘ፣ የተፈተገው ትኩስ እንደሆነ ቆየ። ወጣቱ ቴርሞሜትሩን ከእጄ ወስዶ ራሱ ደግሞ ለካ። ያው ነው።

ይህን ነገር በመጀመሪያ በወግ የለኩት ሰዎች ታሪክ አገራችን በዘመነ መሳፍንት ውስጥ በነበረችበት ጊዜ የተፈጸመ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው ቤንጃሚን ቶምሰን ይባላል፤ በ1753 ማሳቹሴትስ ውስጥ ተወልዶ፣ በኋላ የጀርመኗን የባቫርያን መስፍን በማገልገል ካውንት ራምፎርድ የሚል ማዕረግ ያገኘ ሰው ነው። ሙኒክ ውስጥ የመድፍ አፈሙዝ ሲሰረሰር ብረቱ ያለማቋረጥ እንደሚግል ተመልክቶ፣ ሙቀት ከዕቃ ወደ ዕቃ የሚፈስ ረቂቅ ፈሳሽ ነው የሚለውን የዘመኑን እምነት በ1798 የተገዳደረ እሱ ነው። ለድሆች ሾርባ የሚሠራበትን ምድጃ ማሻሻልም ሥራው ነበር። ስለዚህ ማገዶ ባክኖ ሲያይ የሚቆጨው ሰው ነበር፤ እኔን ወደ እሱ የሚያቀርበኝም ይኸው ነው።

ራምፎርድ ከስስ ነሐስ የተሠሩ፣ በቁመትም በወርድም አራት ኢንች የሆኑ ሁለት ተመሳሳይ ዕቃዎች አሠራ። ሁለቱንም እስኪያንጸባርቁ አስወለወላቸው። ከዚያ አንዱን ራቁቱን ትቶ ሌላውን በስስ የተልባ እግር ጨርቅ ጥብቅ አድርጎ አለበሰው። ሙቅ ውሃ ሞላባቸውና ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀ። ልብስ የለበሰው ይቆያል ብሎ የማይጠብቅ ማን አለ? የሆነው ግን ሌላ ነው። ራቁቱ ዕቃ 10 የፋራናይት ዲግሪ ለመቀዝቀዝ 55 ደቂቃ ሲፈጅበት፣ የለበሰው በ36 ደቂቃ ተኩል ያንኑ ያህል በረደ። ጨርቁ ሙቀቱን ሊጠብቅ ቀርቶ አስወጣው። ቀጥሎ ነሐሱን በሻማ ጭስ አጠቆረው፤ ያም ከራቁቱ ፈጥኖ ቀዘቀዘ። ውጤቱን በየካቲት 1804 ለንደን ውስጥ ለሮያል ሶሳይቲ አስነበበ።

እኛ በረንዳ ላይ የደረስንበት፣ ራምፎርድ በነሐስ ዕቃዎቹ ካየው ጋር አንድ ሆነ። ወጣቱ ግን በዚህ አልረካም። በማግስቱ ምሽት ሌላ የድልህ ቆርቆሮ ይዞ መጣ፤ ከግድግዳ ቀለም የተረፈ ነጭ ቀለም ቀብቶታል።

«ጥቁር ሙቀት ካወጣ፣ ነጭ ያስቀራል ማለት ነው» አለ። «ቧንቧውን ነጭ እንቀባው።»

ይህ ግምት የሞኝ ግምት አይደለም። ራምፎርድ ራሱ ያመነው ይህንኑ ነበር፤ ጥቁር ሙቀት የሚያወጣ ከሆነ ነጭ ይከላከላል ብሎ በኋለኛው ዘመኑ በክረምት ፓሪስ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሶ ይሄድ ነበር። በገና ሰሞን ነጭ ጋቢና ነጠላ የለበሰ ሕዝብ በሞላባት ላሊበላ ተቀምጬ ይህን ሳስብ፣ ነገሩ ዓይንን የሚያሳስት መሆኑ ይበልጥ ገባኝ። ሦስቱን ቆርቆሮዎች ጎን ለጎን ደረደርንና ጠበቅን።

ነጩ ከጥቁሩ ጋር እኩል በረደ። በጣት የሚለይ ልዩነት አልነበራቸውም። የተፈተገው ብቻ ትኩስ ሆኖ ቀረ።

«እንዴ!» አለ ወጣቱ።

ለዚህ ግራ መጋባት መልስ የሰጠው ሁለተኛው ሰው ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጆን ሌስሊ። በ1766 ፋይፍ ውስጥ የተወለደ ነው። የሌስሊ መሣሪያ በጣም ቀላል ስለሆነ ማንኛውም የመርካቶ ቆርቆሮ ሠራተኛ በአንድ ሰዓት ይሠራዋል። በነጭ ቆርቆሮ የተሠራ አራት ማዕዘን ሣጥን ነው፤ ሙቅ ውሃ ይሞላበታል። አንዱ ጎኑ በኩራዝ ጥላሸት ይጠቁራል፣ ሁለተኛው ላይ ወረቀት ይለጠፋል፣ ሦስተኛው ላይ ብርጭቆ፣ አራተኛው እንደተወለወለ ይተዋል። ውስጡ ያለው ውሃ አንድ ስለሆነ አራቱም ጎኖች እኩል ይሞቃሉ። ሌስሊ እያንዳንዱን ጎን በየተራ ወደ አንድ ጎድጓዳ የቆርቆሮ መስተዋት እያዞረ፣ ከጎኑ የሚወጣው ጨረር ራሱ የፈለሰፈውን ስሱ ቴርሞሜትር ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅስ ለካ።

የጥላሸቱን ጎን ጨረር 100 ብንለው፣ ወረቀቱ 98 ሆነ። ነጭ የጽሕፈት ወረቀት! ብርጭቆው 90፣ በረዶ እንኳ 85። የተወለወለው ነጭ ቆርቆሮ ግን 12 ብቻ። ወርቅ፣ ብርና መዳብም እዚያው አካባቢ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ እኔን የያዘኝ ስለ እርሳስ ብረት ያገኘው ነው፤ ንጹሑ 19፣ ዝጎ የደበዘዘው 45። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ የተለወጠው ቆዳው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሙቀት በጨረር እንዲወጣ የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው ዓይናችን የሚያየው ቀለም አይደለም። በእጅ የምንችለው ዓይነት ሙቀት ያለው ዕቃ የሚለቀው ጨረር ዓይን ከሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ይረዝማል። በዚያ ጨረር «ዓይን» ሲታዩ ነጭ ቀለም፣ ጥቁር ቀለም፣ ወረቀት፣ ጋቢ፣ በርኖስ፣ የሰው ቆዳ፣ ሸክላ ሁሉም ጥቁር ናቸው። ራቁቱን ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ብረት ብቻ ነው የሚለየው። ብረት ላይ ቀለም መቀባት ማለት፣ የቀለሙ ዓይነት ምንም ይሁን፣ ለዚህ ጨረር በር መክፈት ነው። ከዚህ የሚለየው የአሉሚኒየም ቅንጣት ያለበት የብር መልክ ቀለም ነው፤ እሱ በከፊል ብረት ስለሆነ በሩን በከፊል ይዘጋል። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ቤት ለማሞቅ በእንፋሎት የሚሠሩ ራዲያተሮችን በብር ቀለም ያስዋቡ ሰዎች ክፍላቸው የቀዘቀዘው በዚህ ነው። እነሱ ሙቀቱ እንዲወጣ ይፈልጉ ነበር፤ እኛ ደግሞ እንዲቀር እንፈልጋለን።

ሌስሊ መጽሐፉን በዚያው በ1804 አሳተመ። ሁለቱ ሰዎች ማን ቀደመ በሚለው ተቃቃሩ። ሆኖም ሮያል ሶሳይቲ በራምፎርድ ገንዘብ የተቋቋመውን የራምፎርድ ሜዳሊያ በ1804 የሸለመው ለሌስሊ ነው፤ ተገቢ ፍርድ ይመስለኛል። ራምፎርድ መንገዱን አየ፤ ቀለም ያሳሳተውን ነገር አጥርቶ የለካው ሌስሊ ነው።

በእጅ የተያዘውን እውነት ወደ ቧንቧው ለመመለስ ሦስተኛውን ቀን በስሌት አሳለፍኩ። ሙቅ ቧንቧ ሙቀቱን በዋናነት በሁለት መንገድ ያጣል። አንደኛው የነካው አየር እየሞቀ ወደ ላይ ሲነሳና ቀዝቃዛው ሲተካ ነው። ሁለተኛው ጨረር ነው። የቧንቧው ገላ 60 ዲግሪ፣ የሌሊቱ አየርና አካባቢው 10 ዲግሪ ይሁን። ጥቁር የተቀባው ባለ አንድ ኢንች ቧንቧ በየሜትሩ በጨረር ብቻ ወደ 33 ዋት ይለቃል። ሦስት ሜትሩ ብቻ እንደ ድሮው 100 ዋት አምፖል ነው። ቀለም ያልነካው አዲስ የጋልቫናይዝድ ቧንቧ ግን በየሜትሩ 9 ዋት ገደማ፤ በአሉሚኒየም ፎይል የተሸፈነ ከሆነ ከ4 ዋት አይበልጥም።

በአየር የሚወሰደውስ? ነፋስ ከሌለ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ በየሜትሩ 43 ዋት ገደማ ይሆናል። ላሊበላ ላይ ግን የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል፣ 37 ዋት አካባቢ። ይህን ቁጥር ሳገኝ ወረቀቱን ትቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ጨረር አየር አያሻውም፤ አየር ሳሳ ብሎ አይቀንስም። ስለዚህ ደጋ በወጣን ቁጥር አየሩ የሚሰርቀው ይቀንሳል፣ ቆዳው የሚያስወጣው ድርሻ ግን ያድጋል። ለምጽዋ ቧንቧ ቅቡ አንድ ጉዳይ ነው፤ ለላስታ ቧንቧ ከዚያ የበለጠ ጉዳይ ነው።

በስሌቱ መሠረት ጥቁሩ ቧንቧ ሰው ቀድቶ ከዘጋው በኋላ ውስጡ የቀረው ውሃ መጀመሪያ ላይ በየደቂቃው ከ1 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ቀለም ባይኖርበት ኖሮ ከ0.8 ዲግሪ በታች በሆነ ነበር። ሰው በየሩብ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ በሚቀዳበት ማረፊያ ይህ ልዩነት ከቀን ወደ ቀን በባልዲ የሚደፋ ውሃ ይሆናል።

የስሌቱ 10 ዲግሪ ደግሞ ለቧንቧው የታዘነለት ነው። ሰማይ ከአየሩ ይልቅ እጅግ ቀዝቃዛ ነው። ደመና በሌለበት ደረቅ ሌሊት ወደ ላይ የዞረ ነገር ሁሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይረጫል። የላስታ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ባሉ ማሳዎች ላይ ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ነው። ደመና ባለበት ሌሊት ግን ባቄላው ይተርፋል። ደመናው ለምድር እንደ ጋቢ ነው። ይህን በሙከራ ያሳየው ሐኪሙ ዊልያም ቻርልስ ዌልስ ነው። በ1814 ባሳተመው ስለ ጤዛ በተጻፈ ጥናት፣ ሣርና ሱፍ ጤዛ ሲያጠራቅሙ የተወለወለ ብረት ብዙም እንደማይረጥብ አስረዳ። ብረቱ ጨረር እምብዛም ስለማይለቅ እንደ ሣሩ አይቀዘቅዝም። አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያና የዛገ ቆርቆሮ ጣሪያ በጥር ማለዳ አንድ ዓይነት ጤዛ አይዙም። ላሊበላ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን በሚገኙበት ሰፈር ማልዶ የወጣ ሰው ሊያየው ይችላል።

ሦስተኛው ሌሊት የመጠቅለል ጉዳይ ነበር። ወጣቱ «ታዲያ ምን እናድርገው? ጭቃ ልለጥፍበት? እገሌ ቤት እንደዚያ አድርገዋል» አለኝ። ይህ ጥያቄ ከቀለሙ ጥያቄ የባሰ ወጥመድ አለበት። ጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጭቃ በወፈረ ቁጥር ሙቀት ያስቀራል። ቧንቧ ግን ክብ ነው። ክብ ነገር ሲጠቀለል የውጭ ገጹም አብሮ ይሰፋል፤ የሰፋ ገጽ ደግሞ የበለጠ አየር ይነካል፣ የበለጠ ጨረር ይለቃል። የሚለጠፈው ነገር ሙቀት በቀላሉ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ሽፋኑ የሚያስቀረው ሙቀት ገጹ በመስፋቱ ከሚባክነው ያንሳል። ሰዎች ለዚህ መለኪያ አበጅተውለታል፤ የሽፋኑ ሙቀት የማሳለፍ አቅም፣ ከገጹ ወደ አየር ለሚወጣው ሙቀት መጠን ሲካፈል የሚገኘው ርዝመት ነው። ለጭቃና ለሲሚንቶ ከቧንቧው መሐል 4 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። የእኛ ቧንቧ ከመሐሉ እስከ ገጹ 1.7 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ የሚለጠፈው ጭቃ ሁሉ ቧንቧውን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያሞቀውም። ደረቅ ገለባ፣ ሱፍ ወይም የስፖንጅ ቱቦ ከሆነ ግን ይህ ርዝመት ግማሽ ሴንቲሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ይጠቅማል።

ይህንንም በቆርቆሮ ሞከርነው። አንዱን የተፈተገ ቆርቆሮ በአንድ ንጣፍ ስስ ነጠላ ጠቀለልነው፤ የራምፎርድ የተልባ እግር ጨርቅ ልክ እንደሆነው ከራቁቱ ቀድሞ በረደ። ሌላውን በአራት እጥፍ በተጣጠፈ ጋቢ ጠቀለልነው፤ እሱ ከሁሉም በኋላ ትኩስ ሆኖ ቀረ። እትዬ በዚህኛው ቀን ከኛ ጋር ቁጭ ብለው ነበር። ለተሳላሚው ሻይ የያዙበትን ፔርሙስ አንስተው «የዚህስ ውስጡ ለምን እንደ መስታወት ያበራል?» አሉ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ የተሻለው የሳቸው ነበር። ጄምስ ዲዋር በ1892 ባለ ሁለት ግድግዳ ብርጭቆ ሠርቶ መሐሉን አየር አልባ ሲያደርግ አየሩ የሚወስደውን ሙቀት ዘጋ፤ ጨረሩን ለመዝጋት ግን ብርጭቆውን በብር ማልበስ ነበረበት። ፔርሙሱ ውስጥ የሚያበራው ሌስሊ የለካው ያ 12 ነው።

ወጣቱ አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር። ጥቁር ሁሉ ሙቀት የሚያባክን ከሆነ ጣሪያው ላይ ያለው የማሞቂያ ሰሌዳ ለምን ጥቁር ሆነ? ሰሌዳው ውስጥም የመዳብ ቱቦዎች አሉ፤ እነሱስ የያዙትን አያባክኑም? እውነቱን ነው፤ ተራ ጥቁር ቀለም የተቀባ ሰሌዳ ፀሐይን ይውጣል፣ ከዋጠው ብዙውን ደግሞ መልሶ ይተፋል። ጉስታቭ ኪርሆፍ በ1859 እንዳረጋገጠው፣ አንድን ጨረር አጥብቆ የሚቀበል ገጽ ያንኑ ጨረር አጥብቆ ይለቃል። ከዚህ ማምለጫ ያለ አይመስልም ነበር። ግን የኪርሆፍ ቃል ስለ አንድ ዓይነት ጨረር ነው፤ የፀሐይ ጨረርና የሙቅ ቱቦ ጨረር ደግሞ አንድ አይደሉም፤ የፀሐይ አጭር ሞገድ ነው፣ የቱቦው ረጅም። እስራኤል ውስጥ ይሠራ የነበረው ሃሪ ታቦር ይህን ክፍተት ተጠቀመበት። የተወለወለ ብረት ላይ እጅግ ስስ የሆነ ጥቁር ቅብ ቢደረግ፣ አጭሩ የፀሐይ ሞገድ ቅቡ ላይ ይቀራል፤ ረጅሙ ሞገድ ግን ቅቡን ከምንም ሳይቆጥር ከሥሩ ያለውን አብለጭላጭ ብረት ብቻ ያያል። ለፀሐይ ጥቁር፣ ለሌሊት መስታወት የሆነ ገጽ ማለት ነው። በ1955 አሪዞና ቱሶን ውስጥ በተደረገ የፀሐይ ኃይል ጉባኤ ላይ አቀረበው። ዛሬ የጥሩ ማሞቂያ ሰሌዳ ጥቁረት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሆኖ የምናየው የዚህ ዓይነት ቅብ ስለሆነ ነው። ከሱቅ በጣሳ የሚገዛው ጥቁር ቀለም ሌላ ነገር ነው።

ይህ ለእኛ ከገላ መታጠቢያ አልፎ እንጀራችንም ውስጥ ይገባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በፀሐይ እንጀራ ለመጋገር ሠርተዋል፤ አንዱ ወገን በመስታወት የተሰበሰበውን ሙቀት በዘይት፣ ሌላው በእንፋሎት አድርጎ በብረት ቱቦ ወደ ምጣዱ የሚያደርስበትን መንገድ ሞክሯል። ምጣድ ደግሞ 200 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቱቦው ከዚያ የሞቀ መሆን አለበት። ዮሴፍ ስቴፋን በ1879 እንዳገኘው የጨረር መጠን ከፍጹም ዜሮ በሚቆጠረው ሙቀት አራተኛ ርቢ ያድጋል። 250 ዲግሪ የደረሰ ቱቦ በዙሪያው ካለው አየር ጋር ያለው የሙቀት ልዩነት ከማረፊያችን ቧንቧ አምስት እጥፍ ያህል ነው፤ በጨረር የሚያጣው ግን ከ11 እጥፍ በላይ ነው። ማገዶ በሳሳበት፣ ኩበት ከማሳ ተለቅሞ በሚነድበት ደጋ፣ የዚያ ቱቦ ቆዳ እንጀራው መጋገሩንና አለመጋገሩን የሚወስን ነገር ነው። ተማሪዎቻችን በዚህ ላይ ከምንም ነገር በላይ እንዲሠሩ እመኛለሁ።

የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ወጣቱ የሽቦ ብሩሽ ይዞ መጣ፤ ቀለሙን ሊፍቀው ነው። ከለከልኩት። ብሩሹ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ዚንክም ይወስደዋል፣ ከዚያ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ጨረር በመልቀቅ ከቀለም ብዙም አያንስም። ስለዚህ ቀለሙን እንዳለ ትተን የተቀደደ የሱፍ ብርድ ልብስ በሰፊው ተልትለን ሁለት ጊዜ ደራርበን ጠቀለልነው። ሱፉ ዝናብ ከጠጣ ዋጋ ስለሌለው በላዩ ላስቲክ አደረግንበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የማድ ቤት ፎይል፣ የሚያበራው ፊቱ ወደ ውጭ። በሽቦ አሰርነው። የአንድ ቀን ሥራ ነበር።

በገና ሌሊት ሕዝቡ ቤተ ማርያም ዙሪያ ቤዛ ኩሉን ሊሰማ ሲወርድ፣ እኔም ከመውጣቴ በፊት ከክፍሌ ቧንቧ ፊቴን ታጠብኩ። የደፋሁት ውሃ በሁለት እፍኝ የሚቆጠር ነበር።

በደጋ ከተሞች የምትሠሩ የቧንቧ ባለሙያዎች፣ ማረፊያና ክሊኒክ ያላችሁ ሰዎች፦ የሰሌዳውን ጥቁረት ለሰሌዳው ተዉለት። ከታንከር ወደ ክፍል በሚሄደው ቧንቧ ላይ ግን ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት የድልህ ቆርቆሮ ፈልጉ፤ አንዱን በአመድ ፈትጉ፣ ሌላውን በኩራዝ አጥቁሩ፣ ሙቅ ውሃ ሙሉባቸውና ሰማይ በጠራበት ሌሊት ግማሽ ሰዓት ደጅ ተቀመጡ። ከዚያ ወስኑ።